ጥንቃቄ ማደሪያ ይፈልጋል

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በተካሄደ የማኅበረሰብ የጤና ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ የተገለበጠ ነው፤ እንደተነገረ ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ሙስሊም ወገኖቼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጅ ለሰው ሰጥታችሁ፣ ያንን የቤልትዌይ አውራ ጎዳና መጨናነቅ ታግሣችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። እኔም ስታርፉ ነው የማርፈው።

አዘጋጆቹ መጀመሪያ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እሱን ባለፈው ተነጋግረንበታል። ዛሬ ሌላ ነገር ላንሣ ብዬ ለመንኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። ማስታወቂያውን አይታችሁ የተቆጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለት ሰዎች ደውለውልኛል። ተቆጥታችሁም ቢሆን መጥታችኋል። ለእሱ ደግሜ አመሰግናለሁ።

የማወራው ከወንድ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚያደርጉ ወንዶች ነው። በሰፈር የምንጠራቸውን ስም ዛሬ ከአፌ አትሰሙትም። ነርስ ነኝ፤ በሽተኛን በስድብ ስም ጠርቼ መርፌ ልወጋው አልችልም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ኮንዶም በነፃ በሚታደልበት ከተማ፣ መከላከያ ኪኒን ባለበት ከተማ፣ ምርመራው ሃያ ደቂቃ በማይፈጅበት ከተማ፣ እነዚህ ወንድሞቻችን ራሳቸውን ለኤች አይ ቪና ለአባላዘር በሽታ የሚያጋልጥ ነገር ለምን ያደርጋሉ? ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሕመምተኞቼን ታሪክ ስነግራችሁ ደግሞ ማንም እንዳይታወቅ አድርጌ ነው፤ «እገሌ ይሆን?» ብላችሁ አትድከሙ።

ወደ ነጥቤ ከመግባቴ በፊት ወደ ደሴ ልውሰዳችሁ። ያደግሁት እዚያ ነው። ሰፈራችን ውስጥ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ለኛ ለልጆቹ ከረሜላ ይበትንልን ነበር። እየከሳ ሄደ፣ ሞተ። «ሳንባ ነው» ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ባለቤቱ ተከተለች። «ሐዘኑ ጎዳት» ተባለ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ሲተያዩና ቶሎ ወደ መሬት ሲያዩ አስታውሳለሁ። ሁሉም ያውቃል፣ አንድ ሰው አይናገርም። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡት በ1986 ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በዚያ መሀል ስንት ቤት «ሳንባ ነው» እየተባለ ተዘጋ? ዝም ያልነው የሟቹን ክብር ለመጠበቅ ነበር፤ ሚስቱንም አብረን ቀበርን። ይሄንን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚህ ካላችሁት ወንድም ወይም እኅት በ«ሳንባ» ያልተለየው ሰው ይኖር ይሆን?

እሺ። ወደ መጀመሪያው ነጥብ።

የመጀመሪያው፦ «ልቅ ስለሆኑ ነው፣ ግድ ስለሌላቸው ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። አይሠራም የምለው አዝኜላቸው አይደለም፤ ተቆጥሮ ስለታየ ነው። እዚህ አሜሪካ ጥቁር የሆኑ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች በኤች አይ ቪ የሚያዙት ከነጮቹ እጅግ በበለጠ ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016 ባወጣው ስሌት፣ ነገሩ በነበረበት ከቀጠለ ከእነዚህ ጥቁር ወንዶች ከሁለቱ አንዱ በሕይወት ዘመኑ በቫይረሱ ይያዛል። ከነጮቹ ግን ከ11 አንዱ። ሁለት ላይ አንድ! ሁሉም ሰው «እነሱ ስለማይጠነቀቁ ነው» አለ። ግሬጎሪዮ ሚሌት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ በ2012 ውጤቱን አወጣ። ጥቁሮቹ ከነጮቹ ያነሰ የሚጠነቀቁ ሆነው አልተገኙም። አልተገኙም! ልዩነቱ የት ነበር? ኢንሹራንስ የላቸውም። ቫይረሱ ያለባቸው መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነው። የሚገናኙትም እርስ በርስ፣ በጠባብ ክበብ ውስጥ ስለሆነ፣ መድኃኒት ካላገኘ ሰው ጋር የመገናኘት ዕድላቸው የበዛ ነው። እኩል ተጠንቅቀው እኩል አልዳኑም።

የሰውነት ጉዳይም አለ፤ አፍሬ አልዘለውም፣ ሐኪም ቤት የምንለው ነው። ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ከማይወስድ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት፣ ለተቀባዩ በ10,000 ጊዜ ወደ 138 የመያዝ ዕድል አለው ተብሎ ይገመታል። በሴት ብልት ለሚደረገው፣ ለሴቲቱ፣ ግምቱ 8 ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ አንደኛው አሥራ ሰባት እጥፍ ይከፍላል። ይሄንን ማን ነገራቸው? ከአዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛ ወሩ ለምርመራ የገባ ልጅ ነበር። «ሲስተር፣ በወንድና በወንድ መሀል ይተላለፋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የ«መ» ሕጎችን እንደ ሁላችን በቃሉ ያውቃል፤ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሣሉት ግን ሁልጊዜ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ልጁ ከሥዕሉ ውስጥ የለም፤ የለሁም ካለ ደግሞ አደጋውም እኔን አይመለከተኝም አለ። ይሄ ግድየለሽነት ነው ወይስ የኛ ዝምታ?

ሁለተኛው ነጥቤ፦ ችግር ብቻውን አይመጣም። በ2003 ሮን ስቶል የተባለ ምሁርና ባልደረቦቹ ከኒው ዮርክ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከሎስ አንጀለስና ከቺካጎ ከ2,800 በላይ ወንዶችን ያካተተ ጥናት አወጡ። አራት ነገር ጠየቋቸው። ድብርት አለብህ? የተለያየ አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ? የፍቅር ጓደኛህ ይመታሃል? በልጅነትህ ተደፍረሃል? አንዱ ችግር ያለበት ምንም ከሌለበት ይበልጥ ይጋለጣል፤ ሁለት ያለበት ከዚያ ይበልጣል፤ ሦስትና አራት ያለበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እየተደራረበ ይሄዳል። እንደ ሸክም ነው፤ አንዱን ኩንታል የተሸከመ ሰው ድንጋይ ዘሎ ያልፋል፣ ሦስት ብትጭኑበት ጠጠር ይጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፣ ምክንያቱም ነገ ተጠምዝዞ ሲወራ እንዳልሰማ። «በልጅነቱ ስለተደፈረ ነው ወንድ የወደደው» አላልኩም። ጥናቱም አላለም። የተደፈረ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሲያድግ «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል። ሰውነቴ የኔ ነው የሚለው ነገር ቀድሞ ተወስዶበታል። «ኮንዶም አድርግ» ለማለት መጀመሪያ «እኔ እኮ ሰው ነኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ስለ መጠጡ ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት የማውቀው ሕመምተኛ አለኝ፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ታታሪ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ አገር ቤት አራት ሰው የሚረዳ። በሦስት ወር አንዴ ይመጣል፤ አንዴ ጨብጥ፣ አንዴ ቂጥኝ። ኮንዶም ከረጢት ሙሉ እሰጠዋለሁ፣ በትሕትና ይቀበለኛል። አንድ ቀን ወረቀቱን ዘግቼ፣ «ወንድሜ፣ ኮንዶሙ ምን ይሆናል? እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። «ሳልጠጣ ማንንም አላገኝም፣ ሲስተር። ሳልጠጣ እናቴ ታየኛለች» አለኝ። እናቱ ያለችው ጎንደር ነው። ሲጠጣ ግን አታየውም፤ ሲጠጣ ኮንዶሙም አይታየውም። እኔ ለዓመታት የማክመው ጨብጡን ነበር። አብሮት ስለሚሄደው ኀፍረት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ የኔ ጥፋት ነው፣ እዚህ ፊታችሁ እናገረዋለሁ።

መጠጥ ብቻም አይደለም። በትልልቅ ከተሞች ክሪስታል ሜት የሚሉት ዕፅ አለ። ፍርሃትን ያጠፋል፣ እንቅልፍን ያጠፋል፣ ፍትወትን ያነዳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያለ እንቅልፍ ያቆያል። በዚያ ውስጥ ያለ ሰው ኪኒኑን መዋጡን የሚያስታውስ ይመስላችኋል? የኛ ልጆች አይነኩትም ብላችሁ አትሸነጋገሉ። ነክተውታል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ፍቅር ነው። አዎ፣ ፍቅር። በ2009 ፓትሪክ ሰሊቫን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከአምስት የአሜሪካ ከተሞች በተሰበሰበ መረጃ ሲያሰላ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች መካከል ከሚከሰተው አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ 68 በመቶው የሚመጣው ከዋናው ፍቅረኛ ነው ብሎ ገመተ። ከማያውቁት ሰው ይልቅ ከሚያምኑት። እኛ ሁላችን አደጋውን የምንሥለው ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ስሙ ከማይታወቅ ሰው ጋር ነው። ከማያውቀው ጋር ግን ሰው ይጠነቀቃል። ከሚወደው ጋር ነው ኮንዶሙን የሚያወልቀው፤ ማውለቁ «አምንሃለሁ» ማለት ስለሆነ። ባለትዳሮች፣ ይሄ ስሜት ለናንተ እንግዳ ነው? አይደለም። ልዩነቱ እናንተ ስትጋቡ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተ ክርስቲያንም ጭምር «የደም ምርመራ አምጡ» ትላለች። ለእነሱ ማን «ተመርመሩ» ይላቸዋል? ሁለቱም ፈርተው፣ ሁለቱም ተደብቀው፣ ጥያቄውን መጠየቅ «አላምንህም» ማለት እየመሰላቸው ይቀራሉ።

ሦስት ነጥብ ብያችሁ ነበር። አራተኛውን ግን ልተወው አልቻልኩም፤ እንዲያውም የመጣሁት ለእሱ ነው። ለሦስቱም መድረክ የሆነው እሱ ነው፦ መደበቅ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ወጣት መጣ። የዚያን ቀን እኔ አልነበርኩም። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙት። አስተርጓሚው ሰላምታ ሰጠውና፣ ጥያቄው ገና ሳይጀመር፣ «ድምፅህን የማውቀው መሰለኝ፤ የማን ልጅ ነህ?» አለው። በኛ አገር ይሄ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። «የማን ልጅ ነህ» የሚል ሰው ክፉ አይደለም። ልጁ ግን ተነሥቶ ወጣ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ተመልሶ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከቫይረሱ ነፃ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም፣ አልተመረመረማ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ አስተርጓሚ ሲቀርብላቸው «አይ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚሉ፣ ግን የማይችሉ ልጆች ስንት እንዳየሁ! የራሳቸውን ቋንቋ ይሸሻሉ። ከሕመማቸው ይልቅ የሚፈሩት እኛን ነው።

ይሄ የልጁ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሴኔጋል ውስጥ በ2008 መጨረሻ ኤች አይ ቪን ለመከላከል ይሠሩ የነበሩ ዘጠኝ ወንዶች በዚሁ ግንኙነት ተወንጅለው ታሠሩ፤ ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። በይግባኝ በ2009 ተለቀቁ። መታሰራቸው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ተደበቁ፣ ተመርማሪው ከጤና ጣቢያ ቀረ። ናይጄሪያ ውስጥ በ2014 መጀመሪያ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው ሕግ ሲጠብቅ፣ አቡጃ ላይ ጥናት ይደረግላቸው ከነበሩት ወንዶች ሕክምና ለመሄድ እፈራለሁ የሚሉት ከ25 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወጡ። አገራችንም በ2004ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629፣ ድርጊቱ ያሳስራል። እዚህ ቆሜ ሕግ ልሟገት አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ የፈራ ሰው ግንኙነቱን አይተውም፤ የሚተወው ሐኪም ቤቱን ነው። ቤት ስለማይኖረው በጥድፊያ ያደርገዋል፤ ኮንዶም ኪሱ ውስጥ ከተገኘ ማስረጃ ስለሚመስለው ሳይዝ ይሄዳል። ለቤተሰብ ሲል ያገባውም አለ። ያቺ ሚስት የማን እኅት ናት? የኛው።

እዚህ አሜሪካስ? እዚህ ፖሊስ አይመጣም፤ እኛ ግን አለን። አንድ መኝታ ቤት ለአራት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ አስቡ። አራቱም የአገሩ ልጆች ናቸው። ፕሬፕ የሚባለውን መከላከያ ኪኒን ጀመረ፤ ከ2012 ጀምሮ የተፈቀደ፣ በአግባቡ ሲወሰድ በግንኙነት የሚመጣውን ኤች አይ ቪ 99 በመቶ ያህል የሚከላከል መድኃኒት ነው። ዕቃውን ስሰጠው እዚያው ፊቴ ቆሞ በአውራ ጣቱ ጥፍር ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት መላጥ ጀመረ። ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፤ በቁራጭ በቁራጭ እየተቀደደ ይወጣል። ቁርጥራጩን ሁሉ ለቅሞ ኪሱ ከተተ፣ መሬት ላይ የወደቀችውን እንኳ ጎንበስ ብሎ አነሣት። ከዚያ ኪኒኖቹን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ገለበጣቸው። በወሩ ሲመጣ፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ «ቫይታሚን ስጠኝ» ብሎት ደንግጦ ሁሉንም ሽንት ቤት እንደደፋው ነገረኝ። ይሄ ልጅ አልተጠነቀቀም? ተጠንቅቋል! ጥንቃቄው ማደሪያ አጣ እንጂ።

ስለዚህ መልካሙንም ልንገራችሁ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በኪኒኑ ፈንታ በሁለት ወር አንዴ የሚወሰድ መርፌ አለ። በ2025 ሰኔ ደግሞ በስድስት ወር አንዴ የሚወሰድ፣ ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ ተፈቅዷል። ወረቀት የለው፣ ዕቃ የለው። ለተደበቀ ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አስቡት። አደጋ ደርሶ ከሆነ ደግሞ 72 ሰዓት ሳያልፍ ከመጣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ በቶሎ በመጣ ቁጥር ይሻላል። ቫይረሱ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በደሙ ውስጥ መታየት ካቆመ በግንኙነት አያስተላልፍም። አያስተላልፍም! በአውሮፓ 782 የወንድ ጥንዶች አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ሆነው ለዓመታት ተከታተሏቸው፤ ያለ ኮንዶም ወደ 76,000 ግንኙነት ተቆጠረ። በ2019 ውጤቱ ሲወጣ ከዚያ ጓደኛ ወደዚህ ጓደኛ የተላለፈ አንድም አልተገኘም። ዜሮ።

ወላጆች፣ አሁን ለናንተ ነው። ልጃችሁ እስከ 26 ዓመቱ በናንተ ኢንሹራንስ ሊታከም ይችላል። ኢንሹራንሱም ምን እንደከፈለ የሚናገር ደብዳቤ ወደ ቤታችሁ ይልካል። ልጆቹ ይሄን ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው ሳይታከሙ የሚቀሩት። ወጣቶች፣ ስሙኝ፦ ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲሄድ ኢንሹራንሱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ቅጹ አለ፤ ለመሙላት እኔ እረዳለሁ።

አንድ ቀን አንድ አባት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ። «ልጄ፣ እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ አንብቢልኝ» አሉኝ። አየሁት። የልጃቸው ስም አለ፣ የመድኃኒቱም ስም አለ። «አባባ፣ ደብዳቤው ሒሳብ አይደለም፤ የሚከፍሉት የለም» አልኳቸው። «እሱንስ አውቄዋለሁ። ልጄ ታሟል ወይ?» አሉኝ። «አባባ፣ ይሄን ልነግርዎ አልችልም። የሱ ነው» አልኳቸው። ደብዳቤውን በነበረበት እጥፋት መልሰው አጠፉት። ለረጅም ጊዜ ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ተቀመጡ። ከዚያ «ብጠይቀው ይሸሸኛል። ባልጠይቀውስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻይ አፈላሁላቸው። ሲወጡ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ሄዱ፤ «አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ቤት ከሚያየው» ብለው።

በሩ አጠገብ ሣጥን አለ፣ ከጎኑ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። እጅ ማውጣት የማትፈልጉ ጥያቄያችሁን ጻፉ፤ ስም አትጻፉ። ቡናው እስኪደርስ ሁሉንም አነባለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት መጥቷል መሰለኝ፤ አቀብሉኝ።